ያ የሄደው እኔ አይደለሁም

ደብሬ ጓንጉልን በአካሄዱ አልለየችውም፤ በድምፁም አልለየችውም። ሽማግሌዎቹ መሀል አድርገው፣ ድንጋይ አሸክመው ደጇ ላይ ባያቆሙት ኖሮ ሰቆጣ ገበያ ላይ «እንደምን ዋልክ» ብላ የምታልፈው መንገደኛ ነበር።

ባሏ ነበር እንግዲህ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ «እህል ፈልጌ በሳምንቱ እመለሳለሁ» ብሎ እሷን ከጨቅላ ልጇ ጋር ትቶ ወጣ፤ ከሰፋሪዎች ጋር መኪና ላይ ተሳፍሮ ወለጋ ገባ፤ እዚያም ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ሳምንቱ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ። ያቺ ጨቅላ፣ ሰላማዊት፣ አድጋ ለእሑድ ልትዳር ነው። አባት በሕይወት እያለ ሳይመርቅ ልጅ አይዳርም፤ ከእናቷ ሳይታረቅ ደግሞ ዳሱን አይረግጥም። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ ድንጋዩን የሚያነሳለት የተበደለው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ቢያነሳው እርቁ እርቅ አይባልም።

እውነቱን ለመናገር ደብሬ ይህን ሁሉ ዘመን ስትረግመው አልኖረችም። ስትናፍቀው ነው የኖረችው። የምትናፍቀውም ያንን የሃያ ሁለት ዓመት ቀጫጫ ነው፤ ገደል ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ የዱር ማር የሚቆርጠውን፣ ፊቱ በንብ ተነድፎ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኖ እንኳ ሳቁ የማይቋረጠውን። አንድ ቀን ነጩን ማር ይዘው አምደወርቅ ገበያ ወረዱ። መንገዱን ሁሉ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና እያወጋት፣ ጣቱን እየነከረ ማሩን ሲያልሳት፣ ሲደርሱ ቅሉ ጎድሎ ተገኘ። ገዢው ቢጠይቀው ምን አለ መሰላችሁ? «የጎደለው እዚህ ነው» ብሎ የእሷን ሆድ አሳየ! ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ እሷ በሐፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠ ቀን አላየችም።

አሁን ከፊቷ የቆመው ግን ቦርጫም፣ ጸጉሩ የሳሳ ሰው ነው። በኽምጣና ሰላም ብትለው በአማርኛ መለሰላት።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አባ ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተናገር እንጂ ልጄ።»

«ደብሬ፣» አለ ጓንጉል ላቡ እየወረደ፤ «ያ የሄደው እኔ አይደለሁም። ራብ ያሳበደው ሌላ ልጅ ነበር። ያ ሰው ሞቷል፤ እኔ እንኳ አላውቀውም። በእሱ ጥፋት አትያዥኝ።»

አነጋገሩ ሽማግሌዎቹን ደስ አሰኛቸው። የደብሬ ደም ግን ፈላ።

«መርዶ ልታረዳኝ ነዋ የመጣኸው! ያ ሞተ የምትለው እኮ ባሌ ነው። ማር ቆራጩም እሱ ነበር፣ የሰላማዊትም አባት እሱ ነበር። አንተ እሱ ካልሆንክ ልጄን በማን አባትነት ትመርቃለህ? አባ ገበየሁ፣ ይህን እንግዳ ድንጋዩን አስጥለው ይሸኙልኝ፤ ምንም አልበደለኝም።»

አፋቸው ቦዝኖ የማያውቀው አባ ገበየሁ እንኳ መሬቱን በከዘራቸው መጫር ያዙ።

«እኔ ነኝ፣» አለ ጓንጉል ድንጋዩን ትከሻው ላይ እያደላደለ። «ራብም አላሳበደኝ። መኪናው ሳይነሳ መውረድ እችል ነበር፤ አልወረድኩም። እኔው ነኝ፣ ደብሬ። ማሩን ያላስኩሽም እኔው ነኝ።»

ደብሬ ማር ቆራጩንና ከጂውን በአንድ ቆዳ ውስጥ አየቻቸው። አንዱን ለይቶ መውሰድ እንደሌለ ገባት።

እጇን ወደ ድንጋዩ ሰደደች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷም ይህ ቀን ሲመጣ ምን እንደምትለው ሺህ ጊዜ አሰላስላዋለች። ንዴቷን ፈለገችው። ጡቷ ደርቆባት፣ በር በሩን ስታይ የምትውለውን ያችን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የያኔዋን ራሷን፣ ፈለገቻት። የለችም። ታስታውሳታለች እንጂ ሕመሟ አይሰማትም፤ የጎረቤት ሴት ታሪክ የሰማች ያህል ሆነባት። እሱን «አንተ ያው ነህ» ብላ ካፋጠጠች በኋላ፣ እሷ ራሷ ያችው ለመሆኗ የምትምልበት ነገር አጣች።

እንባዋ መጣ። ለጓንጉል አልነበረም፤ ማንም ሳያለቅስላት ለጠፋችው ለዚያች ልጅ ነበር።

ድንጋዩን ከትከሻው አንሥታ መሬት ላይ አኖረችው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር በይ፣» አሏት አባ ገበየሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣» አለች። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይህን ያልኩህ እኔ ነኝ። ያቺ የጠበቀችህ ልጅ ትልህ እንደሁ ግን አላውቅም፤ ዘግይተህባታል።»