ማህተሙ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ዕለት

ሐጂ ሙጠሊብ ማህተማቸውን ከአንገታቸው የሚያወልቁት ገላቸውን ሲታጠቡ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከሳሙናው አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት። በጥቁር ገመድ ታስሮ የሸሚዛቸው የደረት ኪስ ውስጥ ይውላል። በወደብ ከተማዋ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ የትራንዚት ቢሯቸው ሆነው ለድሬዳዋና ለሐረር ነጋዴዎች ዕቃ ከወደብ ሲያስወጡ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው፤ በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት የደረት ኪሱን ቀለም ያልነካው ሸሚዝ ለብሰው ያያቸው የለም። ለእሳቸው በዚህ ዓለም ያለው ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ ማህተም ያለውና መጠቅለያ።

«ማህተም ያረፈበት ነገር አይመለስም» ይላሉ፤ ደግሞ ለአፍ ያህል አይደለም የሚሉት። አንድ ጊዜ አሥራ አራት ኩንታል ቴምር ለማለት አርባ ተብሎ ተጻፈና ሳያዩት ማህተም አሳረፉበት። ቀዶ ሌላ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እሳቸው ግን ሃያ ስድስት ኩንታል ቴምር ከኪሳቸው ገዝተው አርባ ሞሉት። ያን ዓመት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ቴምር ሲበላ ከረመ።

የወንድማቸው የዓብዱረዛቅ ልጅ ኻሊዳ ስድስት ዓመት አብራቸው ሠርታለች። ደብዳቤውን የምትጽፈው እሷ፣ ጉምሩክ የምትሮጠው እሷ፣ የተቆጣ ደንበኛ የምታባብለው እሷ ናት። ማህተም ስትፈልግ ግን መጠበቅ አለባት። ሐጂ መስጊድ ናቸው፤ ሐጂ ምሳ ላይ ናቸው፤ ሐጂ ጋደም ብለዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ትዕግሥቷ አለቀና ቁርጡን ነገረቻቸው። ሆዳን ሰፈር የተከፈተ አንድ አዲስ የትራንዚት ቢሮ ሊቀጥራት ይፈልጋል። የራሷ ፊርማና የራሷ ማህተም ይኖራታል። መልሷን የሚጠብቁት እስከዚህ ሳምንት ሐሙስ ነው።

«ወይ ማህተሙን አካፍለኝ፣ ወይ አሰናብተኝ» አለቻቸው። አንተ ማለቷ ንቀት አይደለም፤ የድሬ ሰው አባቱንም አንተ ነው የሚለው፤ «አንቱ» ያሉት እንደሆነ የተኮረፈ ይመስለዋል።

«እናያለን» አሉ ሐጂ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሐጂ ፈርተዋል። ቢሮው መዘጋቱ አልነበረም ያስፈራቸው። ጠዋት በሩን በክርኗ ገፍታ፣ ወረቀቷን እንደታቀፈች፣ «ሐጂ፣ እንዴት አደርክ?» የምትላቸው ልጅ ከሌለች ምን ሊሆኑ ነው? ይህንን ማታ ማታ ያስቡታል፤ ሲነጋ ደግሞ ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው ይተውታል። በመጨረሻ አንድ መላ መጣላቸው። ኻሊዳ ስለ አሮጌው ኮምፒውተር ስታማርር ነው የኖረችው፤ የተጫነበት ፕሮግራም ከየትም የተቀዳ ስለሆነ በየጠዋቱ «ፈቃድ የሌለው» የሚል ቀይ መስመር ያወጣባታል። አዲስ ብገዛላት ትቀራለች አሉ። ማህተም ከማካፈል ኮምፒውተር መግዛት ቀለላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ኻሊዳ ወደብ እንደሄደች ሩፋኤል ከአርሂባ ሰፈር ሁለት ኮምፒውተር፣ አንዱን ለእሷ አንዱን ለሐጂ፣ በታክሲ ጭኖ መጣ። ሩፋኤል አዲስ አበባ ያደገ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ፍላሹን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሐጂ ገመዱን እንዳዩ ወደዱት።

«እንዴት አደሩ፣ ሐጂ?»

«አንቱ አትበለኝ። ስንት ዓመቴ መሰለህ?»

«ሰባ?»

ሐጂ ስልሳ ስድስታቸው ነው። «በል ሥራህን ሥራ» አሉት።

በሐጂ ኮምፒውተር ላይ ኦፊስ የሚባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም መጫን ጀመረ። አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሳባለች፤ ኢንተርኔቱ ሲደክመው ትቆማለች፤ ሐጂም ወንበራቸውን አስጠግተው አብረዋት ይቆማሉ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ መቶ ሞላች። ከዚያ ሩፋኤል ከዕቃው ጋር የመጣውን ካርድ አውጥቶ ቁጥሩን እንዲያነቡለት ሰጣቸው። ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር ነው፤ አምስት አምስት ሆኖ ተደርድሯል። መነጽራቸውን ሳያደርጉ አነበቡለትና አልቀበልም አለ። መነጽራቸውን አድርገው ደገሙለት፤ ተቀበለ።

«ነቃ» አለ ሩፋኤል።

«ተኝቶ ነበር?»

«አይ፣ ሕጋዊ ሆነ ማለቴ ነው። ይህ ቁጥር ሲገባ የፕሮግራሙ ባለቤቶች የእርስዎ መሆኑን ያውቃሉ። ቁጥሩ ባይገባ ከጥቂት ቀን በኋላ መጻፍ ይከለክልዎት ነበር።»

ሐጂ ወደ ኮምፒውተሩ እየጠቆሙ ጭናቸውን መቱ። «ታዲያ ማህተም ነው በለኛ! ይሄ ኦርዲናተር እኮ ሰው ሆኗል!»

ቀጥሎ ኢሜይሉን ማስተካከል ሆነ። ሩፋኤል አውትሉክን ከፈተና ስማቸውን፣ የቢሮውን አድራሻና የይለፍ ቃሉን አስገባ። ከዚያ የስድስት ዓመት ደብዳቤ ይወርድ ጀመር። የመጣው በአንድ ወገን፣ የተላከው በሌላ ወገን፣ ቀኑ በቀኑ ላይ እየተደረበ። የተላከው ሁሉ በሐጂ ስም ነው፤ አንዱንም ግን ሐጂ አልጻፉትም።

ዝም ብለው ሲያዩ አንድ ሳምንት ላይ ዓይናቸው ተያዘ። ዓብዱረዛቅ የሞተ ሳምንት ነበር። ያን ሳምንት እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቢሮው ዝግ ነው ብለው ነበር የሚያውቁት። እዚህ ላይ ግን አራት ደብዳቤ አለ። የአንድ የሐረር ነጋዴ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ታስሮ እንዳይቀር፣ አባቷን በቀበረች ማግስት ሦስት ጊዜ፣ በሠልስቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ጽፋለች። ነግራቸውም አታውቅ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሐጂ፣ ደህና ነዎት?»

«አቧራ ነው» አሉ። በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የምን አቧራ እንደሆነ ሩፋኤል አልጠየቀም።

ሐዘኑ እንኳን የማህተሙን ነገር አላስረሳቸውም። ደብዳቤ ሁሉ ከዚህ ሳጥን የሚወጣ ከሆነ ማህተሜስ የት ሊያርፍ ነው አሉ። ሩፋኤል ማህተሙን በነጭ ወረቀት ላይ አስመትቶ በስካነር አነሳውና ከፊርማቸው ጋር አያያዘው። ከእንግዲህ አዲስ ደብዳቤ ሲጽፉም ሆነ ለመጣላቸው መልስ ሲሰጡ ማህተሙ ከነስማቸው ራሱ ከታች ይቀመጣል። ሐጂ ባዶውን ገጽ አዩት። ወይንጠጅ ቀለም፣ ክብ፣ ዙሪያውን «ሙጠሊብ ትራንዚት»፤ ከሥሩ ስማቸው፣ ከስማቸው ሥር «ዋና ሥራ አስኪያጅ»። ፈዘው ቀሩ።

«የኻሊዳንም እንደዚሁ ላድርገው?» አለ ሩፋኤል።

«አዎ፣ አዎ፣ እንደዚሁ» አሉ ዓይናቸውን ከማህተሙ ሳይነቅሉ።

ሩፋኤል በኮምፖርሳቶ ጣውላ ወደተከለለው ወደ ኻሊዳ ጠረጴዛ አልፎ የእሷንም ጨረሰ፤ የአማርኛ ፊደል መጻፊያም በሁለቱም ላይ ጫነ። ሊወጣ ሲል ለሐጂ ሁለት ነገር አስተማራቸው። «ወደ ኋላ የዞረችው ቀስት መልስ መስጫ ናት። ይቺ የወረቀት አውሮፕላን ደግሞ መላኪያ ናት። ሌላውን አይንኩ።»

ሌላውን አልነኩም። ጉዱ የመጣው ከሁለቱ ነው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ኻሊዳ ላብ በላብ ሆና ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠውን አዲስ ኮምፒውተር አየችና ቆመች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንቺ ነው። ሕጋዊ ነው። ነቅቷል» አሉ ሐጂ እየሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። «ከወደብ ሆኜ በስልኬ ደብዳቤ ልኬልሃለሁ፣ ሐጂ» አለችና ኮምፒውተሩን ሳትነካ ከኮምፖርሳቶው ኋላ ቁጭ አለች።

ሐጂ ዞረው አዩ። ደርሷል። ለአዲሱ ኮምፒውተራቸው የመጣው የመጀመሪያ ደብዳቤ መሆኑ ነው። «ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለማቅረብ። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራዬ እንድሰናበት እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኻሊዳ ዓብዱረዛቅ።» ሁሉም ወጋቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን «በአክብሮት» የምትለዋ ወጋቻቸው። ስድስት ዓመት ያላከበረችን ልጅ ልትሄድ ስትል ነው አክብሮት የጀመራት?

ደብዳቤውን ከፊታቸው ማጥፋት ፈለጉ። እንዴት እንደሚጠፋ ግን ሩፋኤል አላስተማራቸውም። የሚያውቋት ቀስት አለች፤ እሷን ነኩ። ነጭ ገጽ ተከፈተ፤ ከታች ማህተማቸው ቁጭ ብሏል። ይባስ ብሎ ደነገጡና ሌላ የሚያውቁት ስለሌለ አውሮፕላኗን ነኩ። ገጹ ጠፋ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከኮምፖርሳቶው ኋላ የኻሊዳ ስልክ ትን አለ።

ኻሊዳ ስልኳን ይዛ ብቅ አለች።

«በዚህ ፍጥነት ይፈቀዳል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር» አለች። «አንዲት ቃል እንኳን አልጻፍክም። ማህተም ብቻ። ይሁን፤ ማህተም ያረፈበት ነገር አይመለስም፤ አይደል?»

ሐጂ በስህተት ነው ሊሉ ነው? ለስህተት አይደል እንዴ ያን ሁሉ ቴምር የገዙት? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንዲሉ ሆነባቸው። እሷ ካርቶን አንስታ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ሐጂ ስልካቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሮጡ፤ ፀሐዩ ጭንቅላታቸውን ይበሳል።

«ሩፋኤል! የላክሁትን መልስልኝ!»

«የቱን ሐጂ?»

«ማህተሙን! ማህተሙን ብቻ መልስልኝ፤ ወረቀቱ ይሂድ!»

«ሐጂ፣ የደረሰ ነገር ከሰው ስልክ ውስጥ አይነቀልም። ካልተስማማዎት ሌላ ይጻፉ።»

«ሌላ…» አሉ ሐጂ። ድንገት የሠላሳ ዓመት ሥራቸው ትዝ አላቸው። ማህተም ያረፈበት ነገር አይመለስም፤ በሌላ ማህተም ግን ይሻራል! ይህንን ሕግ ስንት መሥሪያ ቤት በእሳቸው ላይ ሠርቶበታል! ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ውስጥ ገቡ።

በሕይወታቸው በገዛ እጃቸው ኮምፒውተር ላይ ጽፈው አያውቁም። በአንድ ጣት ጀመሩ። ጣ። አንዱን ፊደል ይፈልጋሉ፤ ያጡታል፤ አፍንጫቸው ሥር ያገኙታል። ጣ። ከወዲያ በኩል ካርቶኑ ውስጥ ዕቃ ሲወድቅ ይሰማል፤ ጽዋ፣ መቁረጫ፣ የዓብዱረዛቅ ፎቶ። ካርቶኑ እስኪሞላ ይደርሱ ይሆን? ላባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ አውሮፕላኗን፣ በዚህ ጊዜ አውቀው፣ ነኳት።

ትን።

«ለኻሊዳ ዓብዱረዛቅ። ጉዳዩ፦ የፊተኛውን ደብዳቤ ስለመሻር። ቀደም ሲል የተላከው ባዶ ደብዳቤ በዚህ ደብዳቤ ተሽሯል። የላከው ጣቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አባትሽ በሞተ ሳምንት የጻፍሻቸውን አራት ደብዳቤዎች ዛሬ አየሁ። አላወቅኩም ነበር፤ አፉ በይኝ። ማህተሙ ከዛሬ ጀምሮ የሁለታችን ነው። እንዳትሄጂብኝ እጠይቃለሁ። በአክብሮት።» ከሥሩ ማህተም።

ካርቶኑ ውስጥ ዕቃ መውደቁ ቆመ። ከኮምፖርሳቶው ኋላ ኻሊዳ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ቀጥሎ አዲሱ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ተሰማ።

«ሐጂ» አለች ሳትወጣ። ድምጿ ተለውጧል። «እኔ ገጽ ላይ ማህተም አለ።»

ሐጂ ደነገጡ። ጠዋት ለሩፋኤል «እንደዚሁ» ያሉት አሁን ነው የገባቸው።

«መቼ ነው ያስገባህልኝ?»

«ጠዋት» አሉ።

«ደብዳቤዬ ሳይደርስህ?»

«ሳይደርሰኝ።»

እያንዳንዷ ቃል እውነት ነበረች። የቀረውን አላህ ያውቃል፤ እሷ ደግሞ አልጠየቀቻቸውም።

የሐጂ ኮምፒውተር ትን አለ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ጉዳዩ፦ ጥያቄህን ስለመፍቀድ። እንዳልሄድ ያቀረብከው ጥያቄ ተፈቅዷል። ለሆዳኖቹ እኔው እደውልላቸዋለሁ።» ከሥሩ ወይንጠጅ ክብ ማህተም፣ አንድም ሳይጎድል። ሐጂ እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አሁን አቧራ ነው የሚሉትም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ከማህተሙ ሥር ያለውን አነበቡ። «ኻሊዳ ዓብዱረዛቅ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ።» ሩፋኤል ስሙን ብቻ ቀይሮ ማዕረጉን እንዳለ ነው የገለበጠው።

«ኻሊዳ!» አሉ ጮኽ ብለው። «ከስምሽ ሥር ያለችው ነገር እኮ ስህተት…»

«ማህተም ያረፈበት ነገር…» አለች ኻሊዳ ከኮምፖርሳቶው ኋላ።

ሐጂ የደረት ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። ለሦስት ሳምንት ሲጨነቁ የኖሩትን፣ በማግስቱም ጠዋት በሩ በክርን ሲገፋ የሚሰሙትን ሁሉ አሰቡና ሳቃቸው መጣ።

«አይመለስም» አሉ።

ካርቶኑ ሲገለበጥ ተሰማ፤ የዓብዱረዛቅ ፎቶም ወደ ቦታው ተመለሰ።