የክረምቱ መገበሪያ

ከበሮ በመምታት ነቀምቴ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። ለጉራ አይደለም የምለው፤ ጉራ ማለት ሰው የሌለውን ሲያወራ ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ባላሳልፈውም እጄ ግን ዲግሪ አለው።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መሪ ወንድም ሕሩይ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ "በመስከረም ማርያም ንግሥ ከበሮውን የምትይዘው፣ ክረምቱን ሙሉ ቅዳሴ ሳታቋርጥ፣ በየእሑዱም እፍኝ መገበሪያ ሳታስቀር የምትመጣዋ ናት" ሲል፣ ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነው። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ መስሎኛል። በንግሥ ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ከበሮ አንግቶ መውጣትን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬያለሁ።

መገበሪያ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ነው። እያንዳንዳችን ከቤታችን ለቅመን እናመጣለን፤ እማሆይ ሸዋጌጥ ይቀበሉናል። ስንዴው ቀላል ነው። ከባዱ ክረምቱ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጋቢው ሲሞቅ፣ ማን ነው ገና ሳይነጋ ተነስቶ ከሰፈራችን ከቡርቃ ጃቶ ጭቃ ጋር የሚታገለው? የመጀመሪያው እሑድ ሄድኩ፤ አንዱን ጫማዬን ጭቃው አስቀረው። በሚቀጥለው እሑድ ከመሄድ ይልቅ አሰብኩ። ማሰብ ደግሞ እችልበታለሁ።

ሰው ለስልኩ የወር ጥቅል ይገዛ የለም እንዴ? እናቴን አስፈቅጄ ትልቁን ፌስታል ስንዴ ሞላሁና ቅዳሜ ከሰዓት እማሆይ ዘንድ ከች አልኩ።

"እማሆይ፣ የክረምቱን ጠቅልዬ አመጣሁ።"

"የምኑን ክረምት?"

"እስከ መስከረም ያለውን። ይቀበሉኝና እንገላገል።"

እማሆይ ስንዴ ማበጠራቸውን አቁመው አዩኝ። "የክረምቱን ምሳሽንም ዛሬ በልተሽ ጨርሰሻል?"

"እሱማ..."

"ውሰጂው። በየእሑዱ እፍኝ ነው፣ ይዘሽው የምትመጪውም አንቺ ነሽ።"

ፌስታሌን ተሸክሜ ስወጣ በሩ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ኦቦ ባቻ ተቀምጠዋል።

"አካም ኦልታን፣ ኦቦ ባቻ?" አልኳቸው፣ እንዴት ዋሉ ለማለት በኦሮምኛ።

"ነጋዳ፣ ኢንተላ ኮ። ደህና ነኝ ልጄ። ምን ፈልገሽ ነው?" ሰላምታዬ ሲያምር ነገር እንዳለው ያውቃሉ።

"ይቺን ያስቀምጡልኝ። በየእሑዱ እፍኝ እየዘገኑ በስሜ ለእማሆይ ይስጡልኝ።"

"አንቺስ?"

"እኔ በመንፈስ አለሁ።"

"በመንፈስ!" እስኪያስላቸው ሳቁ። "ኢሺ። አምጪው።"

ኦቦ ባቻ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። እኔ በመንፈስ ተሸፋፍኜ ስተኛ፣ እሳቸው በየእሑዱ እፍኟን ይዘው ሰው መሀል ይገቡና፣ "ይሄ የብፅዓት ነው! እሷ ተኝታለች!" ይሉ ነበር አሉ። ይህን የነገረችኝ ወለላ ናት፤ አያቶቿ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ ከሩቁ ሰፈር ከበከኒሳ ቀሴ ያንን ሁሉ ጭቃ አቋርጣ የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ። ከበሮውን እሷም ትፈልገዋለች። ግን ስትመታ ፍራሽ የምታራግፍ ነው የምትመስለው፣ ምን ያስፈራኛል?

መስከረም ጠባ። ልምምድ ቀን በአዲስ ጫማ፣ በነጭ ቀሚስ ሄድኩና ማንም ሳይቀድመኝ ከበሮውን አንገቴ ላይ አጠለቅሁ።

"በሉ ተቀበሉኝ!" አልኩና ለቀቅኩት።

ከበሮው ወደ ላይ፣ መዝሙሩ ወደ ታች። ለካ ክረምቱን አዲስ መዝሙር ሲያጠኑ ከርመዋል። እኔ ስሮጥ እነሱ ያዘግማሉ፤ እኔ ቆሜ ስጠብቃቸው እነሱ ጭብጨባ ውስጥ ገብተዋል። አንዲቷ ልጅ በእኔ ምት ለመሸብሸብ ሞክራ የራሷን ቀሚስ ረግጣ ወደቀች።

ወንድም ሕሩይ እጁን አነሳ። "ብፅዓት፣ ይህን መዝሙር ታውቂዋለሽ?"

"እየለመድኩት ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአሁን።"

ልጆቹ ሁሉ ሳቃቸውን ለማፈን ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ከበሮው ከእኔ አንገት ወጥቶ ወለላ አንገት ላይ ገባ። ወለላ ፍራሿን ማራገፍ ጀመረች። ያው ናት፣ አልተሻሻለችም። ግን እሷ ስትጀምር ሁሉም አብሮ ጀመረ፣ ስታቆም ሁሉም አብሮ አቆመ፤ ቀና ብሎ ያያት እንኳን የለም፣ ለምደዋታል። ላለቅስ ነው መሰለኝ፣ ስለዚህ ጮህኩ።

"ይሄ ግፍ ነው! መገበሪያ አላስቀረሁም! እማሆይ፣ እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ይመስክሩልኝ፤ የእኔ ስንዴ አንድ እሑድ እንኳን ቀርቷል?"

እማሆይ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነበር።

"ኧረ አልቀረም" አሉ። "በዝናቡም በጉሙም መጥቷል።"

"ይኸው! ሰማችሁ?" አልኩ፣ ዞሬ ሁሉንም እያየሁ።

"እንግዲያው" አሉ እማሆይ፣ "ከበሮውን ስንዴሽ ይምታው።"