የንብ ገደል አበባ

"ይኼ አበባና ይኼ ቅጠል ደግሞ ምን አገናኛቸው?" አሉ ወይዘሮ ጠጄ፣ ከባላቸው ከአቶ መርስዔ አጠገብ እንደተቀመጡ።

ሰርካለም መደቡ ላይ የዘረጋችውን ሥዕል ቀና አድርጋ ያዘችላቸው።

"አንድ ላይ የበቀሉ ናቸው እኮ፣ እማማ። አምና ጋሽ መርስዔ ከገደሉ ያወጡልኝ ነው።"

"ቅጠሉን አውቀዋለሁ። እንደ በግ ጆሮ ጸጉራም ነው። አበባው ግን የሌላ መሰለኝ።"

ሰርካለም ሳቀች። መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየሄደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አምና፣ በ1998 ጥቅምት፣ ከዚህ መንደር ጀርባ ካለው ንብ ገደል የወጣው ትንሽ ተክል ዩኒቨርሲቲው ካስቀመጣቸው የደረቁ ዕፀዋት ከአንዱም ጋር አልገጠመም። አማካሪዋ ዶክተር ዓምደሚካኤል ውጭ አገር ድረስ ተጻጽፈው ሲያበቁ፣ "አዲስ ዝርያ ነው፤ እስካሁን ማንም አልጻፈውም" አሏት። የቅጠሉን ርዝመት፣ የግንዱን ማዕዘን፣ ከንፈር የሚባለውን የአበባውን አፍ ሳይቀር እየለካች መግለጫውን የጻፈችው ራሷ ናት። ሰኞ ወደ አንድ የሳይንስ መጽሔት ይላካል። ዛሬ ቅዳሜ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ የመጣችው የአገሬውን ስም ለመጠየቅና ለአቶ መርስዔ የምሥራች ለመንገር ነበር።

"እናንተ ማን ትሉታላችሁ?"

"ምንም አንለው" አሉ ወይዘሮ ጠጄ። "ከብት አይበላው፣ ለመድኃኒት አይሆን። ማን ስም ያወጣለታል?"

"እንግዲያው እኛ አውጥተንለታል። በጋሽ መርስዔ ስም ነው የሚጠራው። ዓለም ሁሉ በእርስዎ ስም ያውቀዋል፣ ጋሽ መርስዔ።"

አቶ መርስዔ በዚያ ገደል በጠፍር እየተንጠለጠሉ ማር ሲቆርጡ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ሰርካለም ይስቃሉ፣ ይመርቁኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ሥዕሉን ትክ ብለው አዩና፣ "እስቲ በሬዎቹን ልይ" ብለው ወጡ።

ተከትላቸው ወጣች። በሬዎቹ ጋ አልሄዱም፤ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

"ምነው፣ ቅር አለዎት?"

"በስሜ ውሸት አይጻፍ፣ ልጄ።"

"የምን ውሸት?"

"ያን ቀን በረዶው ሲወርድ አንቺ ከላይ ቆመሽ ነበር። ቅጠሉን ከነሥሩ ስነቅለው አበባው ከእጄ አምልጦ ገደል ገባ። ሌላ ያበበ ደግሞ አጠገቤ የለም። ወደ ላይ ስወጣ እርከኑ ላይ አንድ አበባ አየሁና ቀጥፌ ጨመርኩበት። ያን ሁሉ ሰዓት በበረዶ ስትደበደቢ ውለሽ ባዶ እጅሽን ትመለሺ?"

የደረቀው ናሙና ሰርካለም ፊት ድቅን አለ። አበባው ከግንዱ ተለይቶ ለብቻው ነበር የተለጠፈው። ከሥሩ፣ "በመንገድ ላይ የተሰበረ" የሚል ጽሕፈት አለ። እንደዚያ ብሎ የነገራት ማንም የለም። ራሷ ገምታ ነው የጻፈችው።

"የቀጠፉት አበባ ቅጠሉ ምን ይመስል ነበር?"

"አላየሁትም።"

"ጸጉር አለው? ወይስ ልሙጥ ነው?"

"አበባውን ነው ያየሁት አልኩሽ። ያው እሱ መሰለኝ። ደግሞ እሱም ሊሆን ይችላል እኮ!"

አቶ መርስዔ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሦስቱም ወደ ገደሉ ሄዱ። ሰርካለም አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር ቁልቁል ማየት ጀመረች። ግራጫው ቅጠል በየስንጥቁ ተጣብቋል፤ እንቡጡ ግን ገና አልተፈታም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ሐምራዊ አበባ አገኘች። ንፋሱ ያወዛውዘዋል። ከግራጫው ቅጠል መሐል የወጣ መሰላትና ልቧ ዘለለ። ንፋሱ ዞር ሲል ደግሞ ከኋላው ካለ ሌላ አረንጓዴ ቅጠል የመጣ መሰላት። ዓይኗን ጠርጋ አየች። እንደገና የግራጫው ሆነ።

መነጽሩን ለአቶ መርስዔ ሰጠቻቸው። "ይኸው! እሱው ነው!" አሉ። ወይዘሮ ጠጄ ተቀብለው አዩና፣ "ከኋላ ያለው ቅጠል አበባ ነው" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "እኔስ እንጃ፣ በዚህ ዕቃ ሁሉም ነገር ሁለት ሆነብኝ" ብለው መለሱላት።

አቶ መርስዔ ጋቢያቸውን አወለቁ። "ጠጄ፣ ጠፍሩን አምጪልኝ። እኔው ያበላሸሁትን እኔው ላጥራው።"

"በዚያ ጉልበትህ? ከፋሲካ ወዲህ ከቤት ደጅ በምርኩዝ የምትወጣ ሰው!"

ሰርካለም ለአፍታ ያህል፣ ይውረዱ ብላ ተመኘች። በምኞቷ ራሷ ደነገጠች።

"አይወርዱም" አለች። ድምፅዋ የቁጣ ነበር። በማን እንደተቆጣች ግን አላወቀችም።

መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል ተመለሰች። አበባው የራሱ ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት ከንቱ ነው። ካልሆነ ደግሞ የጻፈችው ተክል ከወረቀት በቀር የትም የለም። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር አዲስ ያሰኘው ያ የአበባው ከንፈር ነበር። አበባው ከመግለጫው ከወጣ ቅጠሉ ራሱ አዲስ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አላት?

መሐል ሜዳ እንደገባች ስልክ ካለው ሱቅ ወደ ዶክተር ዓምደሚካኤል ደወለች። ዶክተሩ ሳያቋርጡ አዳመጧት።

"ሰውዬው ከዓመት በኋላ ምን ያስታውሳል? አምና ትክክል ሆኖ ዛሬ ተሳስቶ ቢሆንስ?"

ይህም ልክ መሰላት።

"የመመረቂያ ጽሑፍሽ የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ ሰርካለም። ዘንድሮ መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?"

"እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው አንድ ቃል ንገሪኝ። አበባው የራሱ ነው፣ አይደለም?"

መስመሩ ይንሿሿል። የሱቁ ባለቤት ጠርሙስ እየወለወለች ትጠብቃለች። ሰርካለም ዓይኗን ጨፍና ያን አበባ ለማየት ሞከረች። ንፋሱ አልቆም አላት።

"አላውቅም" አለች።

"አላውቅም የሚል ጽሑፍ የሚቀበል መጽሔት የለም።"

"እንግዲያው አይላክ፣ ዶክተር።"

"መቼ ነው የምታውቂው?"

"ሲያብብ።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ መግለጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ስለ አበባው የሚያወራው አሥራ አንድ መስመር ነው። ልትሰርዘው እርሳሷን አነሣች፤ እርሳስ ይጠፋል ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

"እስክሪብቶ ይኖርሻል?" አለቻት ባለሱቋን።