ለቁም ተዝካር የተነሳ ፎቶ

ጎረቤቴ ደስታው ፎቶ ማንሳት የጀመረው ልጁ ፀደይ ከባሕር ዳር አሮጌ ስልኳን የላከችለት ጊዜ ነው። አሮጌ ያለችው እሷ ናት እንጂ በእኛ ሰፈር ከእሱ የተሻለ ስልክ አልነበረም። ደስታው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ መጋዘን ላይ ነው የሚሠራ፤ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያይ ይውላል። ጆንያ ሲያይ የዋለ ዐይን ሰው ናፍቆት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ላይ እሱ ያላነሳው ሰው የለም። ሠርግ፣ ማኅበር፣ ክርስትና፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይለምኑት ያነሳል። ክፋቱ ፎቶው ነው። ረጅም ሰው ካገኘ ግንባሩ ላይ ይቆርጠዋል። እኔን ያነሳኝን ብታዩት ከጉልበቴ በታች ብቻ ነው ያለሁት፤ ጫማዬ ግን ጥርት ብሏል።

"ማንሳቱ አይደለም ችግሩ፤ ማስተካከያው ነው" አለኝ አንድ ቀን። "የከተማ ሰው እኮ አንስቶ ነው የሚያስተካክል።"

"አስተካክለህ ብታነሳውስ?"

"ገላነሽ፣ ይህ ነገር አይገባሽም።"

እውነቱን ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጥ።

ማስተካከያ ፍለጋው ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። መጀመሪያ አንድ ፎቶ ቤት ሄደ፤ ባለቤቱ ትልቁን ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ አሳየው። ደስታው እንደነገረኝ ዙሪያውን በትንንሽ መሣሪያ የተሞላ ነው፤ መቀስ አለ፣ ብሩሽ አለ፣ ላጲስ አለ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅም አለ። "አናጢ ቤት የገባሁ መሰለኝ" አለ። አንዲት በግ ከፎቶ ላይ ለማውጣት ሰውዬው ግማሽ ቀን ሠራ። ደስታው "ፎቶውን ከማንሳቴ በፊት በጓን ባባርራት ኖሮስ?" ብሎ ወጣ። በዚያ ክረምት ከተናገረው ሁሉ ብልሁ ይህ ነበር።

ከዚያ ስልኩ ላይ አንድ አፕ ጫነ። እሱ ደግሞ ፎቶውን ካስተካከለ በኋላ የራሱን ስም ሰው ላይ ይጽፋል። ክርስትና ላይ የተነሱ አንድ ቄስ ግንባራቸው ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ይዘው ወጡ። ቄሱ ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩና "ይህ ማኅተም የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ነገሩ ጠበል ሳያስፈልገው ደስታው አፑን አጠፋው።

ፀደይ በስልክ መከረችው። ደስታው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራ፤ ስለዚህ እኛም ተመከርን።

"አባባ፣ ስልኩ ላይ ያለው ይበቃዎታል። ይቆርጣል፣ ያቃናል፣ ብርሃን ይጨምራል። ከዚህ ሌላ ምን ያደርግልዎታል?"

"እሱማ ከስልኩ ጋር የመጣ ነው።"

"አዎና!"

"ምኑን መረጥሁት ታዲያ?"

ደስታው ጫማ ሲገዛ እንኳ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሞከረው ልክ ከሆነለት ይጠረጥረዋል። በመጨረሻ ያገኘው አንድ ቁልፍ ብቻ ያለውን ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ሁሉን ነገር ራሱ ያሳምራል፤ ምን እንዳደረገ አይናገርም። "ቀላል ማለት ይህ ነው" አለኝና እኔ ላይ ሞከረው። ስልኩ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት የእኔን ነጠላ ለብሳ ቆማለች። መልከ መልካም ናት፤ በርበሬ ግን ሸጣ አታውቅም።

አያ እጅጉ የመጡት ክረምቱ አልፎ ጥር ሲገባ ነው። በማንኩሳ በኩል ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጅ አላቸው፣ ይታገሱ፣ ቡሬ ላይ ባጃጅ ይነዳል። በዚያው ወር የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ወስነዋል። ከሞቱ በኋላ ማን ያውቃል፣ ይታገሱ ያወጣው አያወጣው፤ ሰው በቁሙ ለነፍሱ ደግሶ፣ ካህናቱ ሲጸልዩለት ሰምቶ፣ ወጡ መጣፈጡን ራሱ ቀምሶ ቢሄድ ምን ይላል?

ልባቸው ግን ድግሱ ላይ አልነበረም፤ ሽንዲ ባለው ታናሽ ወንድማቸው፣ በሃይለ ሚካኤል ላይ ነበር። ሞባይል ባልነበረበት ጊዜ ነው፣ እናታቸው በክረምት አረፉ። መርዶ ነጋሪው ወንዝ ሞልቶበት ዘገየ። ሃይለ ሚካኤል ሲደርሱ እናታቸው ተቀብረዋል። እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው እንዴት እንደሚሆን የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። "እኔን መጠበቅ አቃተህ" ብለው መቃብሩን እንኳ ሳያዩ ከደጅ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። አሁን ለተዝካሩ አያ እጅጉ ሽማግሌ ቢልኩባቸው "ቆሞ ለሚሄድ ሰው ተዝካር አልበላም" የሚል መልስ መጣ።

"እሱ ካልመጣ ደግሼ ምን ላደርገው ነው?" አሉ አያ እጅጉ፣ ደስታው ደጅ ተቀምጠው። "ፎቶ አንሳኝና ላክለት። ሽማግሌ አልሰማ አለ፤ ፊቴን ይይ። እንዴት እንዳረጀሁ ይይና 'ይህ ሰውስ ሊሄድ ነው' ይበል።"

"ያሳዝኑታል" አለ ደስታው።

"ማሳዘን ነው እንጂ የምፈልግ። ከቻልህ ትንሽ ታማሚ አስመስለኝ።"

"እሱን እንኳ አፑ አይችለውም።"

በማግስቱ ቤታቸው ሄዶ አነሳቸው። እኔም ለድግሱ የታዘዝሁትን በርበሬ አድርሼ ነበርና አየሁ። እውነት ለመናገር ፎቶው የተባረከ ነበር። ግንባራቸው አልተቆረጠ፣ እግራቸው አልቀረ። የፊታቸው መጨማደድ፣ ነጭ ጢማቸው፣ ጥርስ የጎደለው አፋቸው፣ ሁሉም በቦታው ነው። አንድ ነገር ብቻ ትርፍ ነበረች፤ በስተቀኝ የአህያቸው ዳሌ ገብቷል።

"እንዳለ ላከው" አልሁት።

"ከነአህያዋ?"

"አህያዋ ምን አደረገችህ?"

"ተዝካር ነው ገላነሽ። ክብር አለው።"

ቁልፉን ተጫነ። አህያዋ ጠፋች፤ ከአህያዋ ጋር የአያ እጅጉ እርጅና አብሮ ጠፋ። ጢማቸው ጠቆረ፣ ጥርሳቸው ሞላ፣ ግንባራቸው እንደተላጠ እንቁላል ለሰለሰ። አፑ ደግሞ ክፈፍ ያስመርጣል። ደስታው አበባውንም ልቡንም አለፈና "ለመንፈሳዊ ነገር የሚስማማው ይሄ ነው" ብሎ ጧፍ የበራበትን፣ ከላይ ነጭ እርግብ የምትበርበትን መረጠ።

"ይታገሱ መቼ ነው ይህን የተነሳው?" አልሁ።

"አያ እጅጉ ናቸው እኮ።"

"ደስታው፣ ይሄ ይታገሱ ነው።"

"ልጅ አባቱን ቢመስል የእኔ ጥፋት ነው?"

አያ እጅጉ ስልኩን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት። ዐይናቸው ሞራ አለበት።

"ይህች ነጯ እርግብ ናት?"

"እርግብ ናት።"

"ደህና ነው፤ ላከው።"

ያን ቀን ኔትወርክ ነበር። ሌላ ጊዜ ለደህና ነገር ስንፈልገው አይገኝም። ለሃይለ ሚካኤል ጎረቤት በቴሌግራም ላከላቸው፤ ሥሩ አንድ ቃል አልተጻፈበትም፤ ደስታው የአማርኛ መጻፊያውን ገና አላገኘውም ነበር።

እንግዲህ በእኛ አገር ጧፍ የበራበት ፎቶ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገር። የወጣት ሲሆን ደግሞ አገር ያስነሳል። ሃይለ ሚካኤል ያዩት የወንድማቸውን መልክ ነው፣ ያውም የጉብዝናውን። ወንድማቸው ግን አሁን ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ይህ ልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሞቷል። ለምን አልደወሉም ትሉ ይሆናል። ልጅ ለሞተበት ሰው ደውሎ "ሞተብህ ወይ?" የሚል ማን አለ? ይኬዳል እንጂ። በዚያ ላይ እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ቀብር ያመለጣቸው ናቸው።

ፎቶው በተላከ ማግስት፣ ተዝካሩ ሊሆን ዋዜማው ነበር። አያ እጅጉ ግቢ ውስጥ ዳስ እየተጣለ ነው። ወንዶቹ ምሰሶ ይተክላሉ፤ ይታገሱ ከቡሬ መጥቶ ቅጠል ያመላልሳል፤ እኛ ሴቶቹ ሽንኩርት እንከትፋለን። ደስታው ሁላችንንም ያነሳል። በዚህ መሃል ሰው የሞላ አይሱዙ መጥቶ ደጅ ላይ ቆመና "ዋይ! ዋይ! የወንድሜን ልጅ!" የሚል ጩኸት ከላዩ ወረደ። ሃይለ ሚካኤል ከፊት፣ የሽንዲ ሰዎች ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን እየመቱ። ዳሱንና ያን ሁሉ ሰው ሲያዩማ ባሰባቸው።

እኛስ? ለቅሶ መጣ፤ ተነሳን። ማን ሞተ የሚባለው ከተለቀሰ በኋላ ነው። ሽንኩርት ላይ ስለነበርን ደግሞ እንባው አላስቸገረንም።

ይታገሱ ቅጠሉን ጥሎ አብሮ እያለቀሰ ወደ እኔ ጠጋ አለ። "እትዬ ገላነሽ፣ ማን ነው?"

"እኔ እንጃ። አንተ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም፤ በደንብ አልቅስ።"

ሃይለ ሚካኤል ከፊታቸው ያገኙትን ጎረምሳ አንገቱን አቅፈው ትከሻው ላይ ተንሰቀሰቁ። ጎረምሳው ይታገሱ ነበር።

"ምን ነካው? ልጄን ምን ነካው?"

"እኔም አሁን ነው የሰማሁ፣ አባቴ" አለ ይታገሱ እያለቀሰ።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"የእጅጉ።"

"እጅጉ ስንት ልጅ አለው?"

"እኔን ብቻ።"

ሃይለ ሚካኤል ልጁን ራቅ አድርገው አዩት። ትከሻውን ዳሰሱት። ጩኸቱ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያለ ቆመ፤ መኪናው አጠገብ የነበሩት ሴቶች ወሬው እስኪደርሳቸው ትንሽ አለቀሱ።

አያ እጅጉ ዱላቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ወንድማቸውን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ።

"ማን ሞተ?" አሉ ሃይለ ሚካኤል፣ ዳሱን እንጂ ወንድማቸውን ሳያዩ።

"እስካሁን ማንም።"

"ዳሱ የማን ነው?"

"የእኔ ነው። ተዝካሬ ነገ ነው።"

"አንተ ሰው!" አሉ ሃይለ ሚካኤል። "የሞተችውን እናቴን በጊዜ ሳትነግረኝ ቀረህ። ያልሞተውን ልጅ ግን በጊዜ ነገርኸኝ!" ወደ ሾፌሩ ዞሩ። "መኪናውን አዙረው!"

አያ እጅጉ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሽማግሌ የላኩበት፣ የደገሱበት፣ ያን ሁሉ ያሰቡበት ወንድማቸው ደጃቸውን ረግጦ ሲመለስ ያያሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ያኔ ደስታው ከሰዉ መሃል ወጣ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "የአፑ ነው። የእኔም ነው። ዋናው ይኸውና፤ ከመስተካከሉ በፊት ያለው።" ስልኩን ዘረጋላቸው።

ሃይለ ሚካኤል ለመወርወር የተቀበሉት መስሎኝ ነበር። ግን አዩት።

"ይህ ማን ነው?"

"ወንድምዎ።"

"ከፊትዎ ቆመውልዎት የለ እንዴ?" አልሁ እኔ።

"እሱን አላይም። ይህን ነው የማይ።"

በጣታቸው ቢነኩት ፎቶው ቀረበላቸው። ከግንባሩ ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ አፉ ወሰዱት። አፉ ላይ ቆዩ።

"እማማን መስሏል" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ይህ የእሷ አፍ ነው። ጥርሷ ከወለቀ ወዲያ ከንፈሯን እንዲህ ነበር የምትሰበስበው።"

"ከነጢሙ?" አለ ደስታው። አንዳንዱን ሰው እግዜር ዝምታ ነስቶታል።

"ጢሙን ትተህ!" አሉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ከመጡ ወዲህ ገና አሁን፣ ወንድማቸውን ፊት ለፊት አዩ። ብዙ አዩ። "መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው፣ አያ?"

"አንተ ሳትመጣ" አሉ አያ እጅጉ።

ሾፌሩ አዙሮ ጨርሶ "እንሂድ ወይ?" ብሎ ተጣራ። የሚመልስለት ሲያጣ ሞተሩን አጠፋ። የሽንዲ ሴቶች ወገባቸውን ፈትተው መጡና ሽንኩርቱን ከበው ተቀመጡ። አንዷ ቢላዬን ተቀበለችኝ። "ለሞተ መጥተን ነበር፤ ላልሞተም እንከትፋለን" አለች።

"ይህችን ለእኔ ላካት" አሉ ሃይለ ሚካኤል ስልኩን ሲመልሱ።

"ትንሽ ላስተካክላትና..."

"እንዳትነካት!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሃይለ ሚካኤል ጥቂት አሰቡና "አህያዋን ግን ቁረጣት" አሉ።

ደስታው ስልኩ ላይ ያለውን ተራውን ማስተካከያ ከፈተ። ጠርዙን በጣቱ ገፋው፤ አህያዋ ወጣች። ሌላው ሁሉ እንዳለ ቀረ፤ መጨማደዱም፣ አፉም። ደስታው ማስተካከያው ሌላ ነገር የሚያደርግ መስሎት ትንሽ ጠበቀው። ምንም አላደረገም።

"እማማ የት ነው ያረፈችው?" አሉ ሃይለ ሚካኤል።

አያ እጅጉ በዱላቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱ። ከዚያ ማመልከት እንደማይበቃ የገባቸው ይመስለኛል፤ ቀድመው መራመድ ጀመሩ። ታናሹ ከኋላ ከኋላ ሄዱ። ዳገቷ ጋ ትልቁ ሲንገዳገዱ ቀረቡና ክንዳቸውን ያዙ፤ ዳገቷ ካለቀችም በኋላ አልለቀቁም።

ደስታው ያንንም አንስቶታል። ግማሹ የበቆሎ አገዳ ክምር ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጫፉ ላይ በጀርባቸው ይታያሉ።

"ፊታቸው የለበትም፤ ላጥፋው?" አለኝ።

"ፊታቸውን ምን ልታደርገው ነበር?" አልሁትና ሌላ ቢላ ፍለጋ ሄድሁ።