ከጉድጓዱ እስከ አልጋው

ሰፈርተኛው «እማማ እንዳትወድቂ» ይላቸዋል። የልጅ ልጃቸው ደረጃ ስትወጣም፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥም፣ ተኝታ ስትገላበጥም ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል ናት።

የልጅቷ እናት ነርስ ናት፤ ሥራዋ ሩቅ ነው። አመሻሽ ላይ ስትደውል ድምጿ የሚሰማው ደጃፉ ላይ፣ ያውም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው እዚያች ላይ ስልኩን ይሻማሉ። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ የስልክ ማማ ሊተከል ነው ሲባል እማማ ደስ ብሏቸው ነበር። ኋላ ጉድጓዱ ተቆፈረ። በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ጉድጓዱን አዩ፤ ዞር ብለው ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ትንሽ አልጋ አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ጥሏቸው ሄደ።

ጡረተኛው መምህር ፊርማ ሊያሰባስቡ መጡ። «ማማ አንፈልግም ነው የሚለው። ይፈርሙ።»

«አልፈርምም።»

«እንዴ! ድመት አጥር ላይ ስትወጣ የሚጮኹት እርስዎ?»

«ታዲያ ልጄን በምን ልስማት? ይተከል፤ ብቻ ቢወድቅ እኛ ላይ የማይደርስበት ይሁን። እንዲያ ብለው ይጻፉና ከሁሉ ቀድሜ እፈርማለሁ።»

መምህሩ ራሳቸውን አከኩ። «የምክር ቤቱ ደንብ እኮ ‹ከመኖሪያ ቤት ተገቢ ርቀት› ብቻ ነው የሚለው።»

«ተገቢ ስንት ሜትር ነው?»

«ቁጥር አልተጻፈበትም።»

እማማ ያላቸው የልብስ ሜትር አጭር ናት። ለልጅቷ የጀመሩትን ቢጫ ሹራብ አወጡና ተረተሩት፤ በየሜትሩም ቋጠሮ ቋጠሩበት።

«አያቴ፣ ሹራቤስ?»

«ይመለሳል፣ የኔ ዓለም። አንቺ ጫፉን ይዘሽ አልጋሽ ላይ ተቀመጪ። እንዳትወድቂ!»

ክሩ በመስኮት ወጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሰ። ሃያ ሁለት ቋጠሮ።

በምክር ቤቱ ስብሰባ ማማውን የሚተክለው ድርጅት መሐንዲስ ብዙ ካስረዳ በኋላ እማማ እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ማማው ቁመቱ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሜትር፣ እማማ።»

ክሩን ከቦርሳቸው መዘዙት። «ከጉድጓድህ እስከ ልጄ አልጋ ሃያ ሁለት ነው።»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «የሹራብ ክር እኮ ይለጠጣል፣ እማማ። በሱ መሬት ይለካል?»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የእማማ ጆሮ ጋለ። ሊቀመጡ ሲሉ አልጋዋ ትዝ አለቻቸው።

«እውነትህን ነው፣ ይለጠጣል። ስምንት ሜትር ይለጠጣል?»

አሁን ሳቁ ዞሮ መሐንዲሱ ላይ ሆነ። «አይወድቅም እኮ! ጠንካራ ነው።»

«ልጄንስ በቀን መቶ ጊዜ ‹እንዳትወድቂ› የምላት ደካማ ሆና ነው?»

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ሄደን እንለካው» አለች።

መሐንዲሱ የራሱን የብረት ሜትር ይዞ መጣ። ልጅቷ እንደለመደችው ጫፉን ይዛ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። እሱ በመስኮቱ ሲሻገር፣ «እንዳትወድቅ!» አለችው። ሃያ አራት ሜትር ሆነ። ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ወደ መስኮቱ ትንሽ ተመለከተና ቁጥሩን ጻፈ።

መምህሩ ወረቀታቸውን እንደገና ጻፉ፦ ማንኛውም ማማ ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ በራሱ ቁመት ልክ ይራቅ። እማማ ከሁሉ ቀድመው ፈረሙ። ምክር ቤቱ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አጸደቀው፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ማማው ከመጋዘኖቹ ጀርባ ሜዳው ላይ ቆመ።

ሹራቡም ተመለሰ። ቋጠሮዎቹን ግን እማማ አልፈቷቸውም፤ ከውስጥ በኩል ናቸው። ልጅቷ አንድ አመሻሽ በጣቷ እየዳበሰች ስትቆጥራቸው ስልኩ ጠራ።

«እማዬ» አለች ነርሷ፣ አጠገባቸው ያለች ያህል ጥርት ብላ፣ «ደረጃው ላይ ናችሁ? ብርዱ እንዳይመታችሁ።»

«የለም» አሉ እማማ፣ ብርድ ልብሱን ለልጅቷ እየሳቡ። «አልጋዋ ላይ ነን።»