አንዴ ይድገሙልኝ

«ቁልፉን ወዲህ በይ፣ ረቢአ።»

አጎቷ ሐጅ ዘይኑ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ረቢአ የሻይ ፔርሙዝ አቅፋ ከድንኳኑ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ድንኳኑ ስትመላለስ ነው የዋለችው። ሻይ አምጪ ያላት ሰው የለም። ቁጭ ካለች የሟች ወንድሟን የጀይሉን ክፍል በር ታያለች፤ ያንን ላለማየት ነው እግሯ እረፍት ያጣው። የክፍሉ ቁልፍ በሻርፗ ጫፍ ተቋጥሯል።

«ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ለቅሶው በዱዓ ይዘጋል» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያጠራቀመው ዘፈን ሳይጠፋ ዱዓ አላስደርግም። ሰው በሰማው ቁጥር ወንጀሉ የሚጻፈው በልጁ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ለመድረሳው ተማሪዎች እንሰጠዋለን፣ ሰደቃ ይሆንለታል።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ለረቢአ በቀለላት። የልጆቹ አባት ከሞተ ወዲህ ጀይሉን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አስከሬኑንም ሌላ ሰው አይነካውም ብለው፣ እያለቀሱ በገዛ እጃቸው አጥበውታል።

ጀይሉ ፕሮግራመር ነበር። የከሚሴ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ስላልገባው «የኮምፒውተሩ ልጅ» ብሎ ተገላገለ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ከጓደኛው ከሙስዐብ ጋር ሱቅ ከፍቶ ለነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይሠራል። የቀረውን ጊዜውን ግማሹን ልቦለድ፣ ግማሹን ዘፈን ይበላዋል። ልቦለዱን ደግሞ የሚጀምረው ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው። «መጨረሻውን ካወቅኩ ሳልቸኩል አነባለሁ» ይላል። ረቢአም «አንተ ትዳሩንም ከልጅ ልጅ ሳትጀምረው አትቀርም» እያለች ትስቅበት ነበር። ልጅም ትዳርም ሳያይ ቀረ።

ዘፈኑ ግን የባሰ ነበር። ከባቲ ገበያ እስከ ጨፋ እየዞረ የሰርጉንም የእርሻውንም ዜማ በመቅጃ ይለቅማል። «ዜማም ዘመድ አለው» ይልና የትኛው ከየትኛው እንደሚወለድ የሚለይ ፕሮግራም ለመጻፍ ስንት ዓመት ደከመ። በመጨረሻ ጨፋ ወርዶ «አኮ» እያለ አያቱ ካደረጋቸው አንዲት አሮጊት ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ ወባ ይዞት መጣ። «ብርድ ነው፣ ይተወኛል» እያለ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሐኪም ቤት የደረሰው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አጎቱ ዘፈን ገደለው ብለው የቆረጡትም ለዚህ ነው።

የረቢአም ልብ ለሁለት ተከፍሏል። ወንድሟ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ነው፤ እንዴት ይጥፋ ትላለች። ደግሞ የአጎቷ ቃል እውነት ቢሆንስ? ቋጠሮውን ፈታችና ቁልፉን ሰጠች።

ሐጅ ዘይኑ ዘፈኑን እንዲያጠፋ ሙስዐብን ከድንኳኑ ጠርተው ወደ ክፍሉ አስገቡት፤ ረቢአም ተከትላ ገባች። ኮምፒውተሩን ሲከፍት እናቷ ሙሚና በሩ ላይ ደረሰች። ደግፈዋት የመጡት ሴት «ኦብሲ፣ ሙሚና፣ ማል ጎና» እያሉ፣ ቻይው፣ ምን ይደረጋል እያሉ፣ ሊመልሷት ቢሞክሩ አልሰማቻቸውም።

«ከማጥፋታችሁ በፊት የልጄን ድምፅ አሰሙኝ።»

«እትዬ ሙሚና፣ ጀይሉ እኮ አይዘፍንም» አለ ሙስዐብ። «መቅጃውን ይዞ ነው የሚቀመጠው።» አንጀቱ ስላልቻለ ግን ጀይሉ መጨረሻ የቀዳውን ከፈተላት።

ቀጭን የአሮጊት ድምፅ መጣ። ስለ በሬያቸው ይዘፍናሉ፤ ከኋላ ጥጃ ይጮኻል። ሐጅ ዘይኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዘፈኑ አልቆ ጸጥ ሲል፣ ሳቅ ያፈነው ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ልሙትልዎ አኮ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ሙሚና አፏን በመዳፏ ያዘች። ሙስዐብ ሌላ ከፈተ፤ ከዚያም ሌላ። የሁሉም መጨረሻ ላይ ጀይሉ አለ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እየለመነ፣ አንዴ ይድገሙልኝ ይላል።

«ሐጅ፣ አንድ መላ አለ» አለ ሙስዐብ እየተጣደፈ። «ዘፈኑን ቆርጬ እጥለዋለሁ። የእሱን ቃል ብቻ አስቀራለሁ።» ጥቂት ነካክቶ አሰማቸው።

«አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?» አለች ሙሚና። «ምኑን ነው የሚደግሙለት፣ ዘይኑ?»

ከውጭ «ሐጅ፣ ሸሁ መጥተዋል፣ ለዱዓው እርስዎን እየጠበቁ ነው» የሚል ጥሪ ተሰማ። ሐጅ ዘይኑ ወደ በሩ ሄዱ። ረቢአ ጥለውን ወጡ ብላ ነበር።

«ትንሽ ይታገሡኝ በሏቸው» አሉና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። ተመልሰው ከሙሚና አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ማንንም አላዩም።

«የአሮጊቷን ድገመው» አሉ። «ከነዘፈኑ።»

ረቢአ ከጠዋት ጀምሮ ያቀፈችውን ፔርሙዝ መሬት አስቀመጠችና ቁጭ አለች።