አባዬ የሠራው የመጨረሻ መነጽር

አባቴ ዓይን መርማሪ ነበር። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰዉን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ፊቱ ላይ መስታወት እየቀያየረ፣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ሲል ኖረ። ጥያቄው ቤትም ተከትሎት ይመጣል። ሸሚዝ ሲመርጥ፣ የግድግዳ ቀለም ሲያስቀባ፣ እኛን አሰልፎ ይጠይቀናል። የሰፈሩ ልጆች «ይሄ ወይስ ይሄ» የሚል ስም አወጡለት። ሲነግሩት «የትኛው ይሄ?» አለ።

ከሥራ ሲመለስ ፒያኖ ይጫወታል፤ እናቴ ትዘፍናለች። የራሱ ድምፅ ለዘፈን እንደማይሆን ያውቃል። ለእሷ የደረሰላት አንድ ዘፈን ነበር፤ ግን ማለቂያ አልነበረውም። በየጊዜው አንድ ስንኝ ይለውጥና የተለመደውን ጥያቄ ይጠይቃታል። ስለዚህ ግጥሙን በቃሏ ይዛው አታውቅም። ከኋላው ቆማ፣ በትከሻው ላይ አጎንብሳ፣ ፒያኖው ላይ ከተቀመጠው ወረቀት ታነባለች።

«ወገቤን» ትላለች ቀና ስትል።

«ጆሮዬን» ይላል እሱ።

አዲስ መነጽር ሠርቶ የሰጣት በዚያ ሰሞን ነው። «ይሄ ይመችሻል» ብቻ አላት። ወዲያው አልጋ ያዘ፤ አልተነሣም።

ባልደረቦቹ መታሰቢያ ሲያዘጋጁለት እናቴ ዘፈኑን እዘፍናለሁ አለች። ልትለማመድ ሳሎን መሐል ቆማ አዲሱን መነጽር አደረገችና ወረቀቱን በእጇ ያዘች። ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ሆነባት። ወረቀቱን እያራቀች እያራቀች ሄደች፤ ክንዷ አለቀ። በመስኮት ወደ መንገዱ ብታይ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ፊት የለውም።

በአሮጌው መነጽሯ ማንበብ ትችል ነበር። አውልቃ ግን አዲሱን ደጋግማ ጠረገችው።

በማግስቱ አባቴ ሥራ ያስተማረው ባለሙያ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። መነጽሩን ለካው፤ ከዚያ ዓይኗን ለካ፤ ከዚያ መነጽሩን እንደገና ለካ።

«እትዬ፣ ይሄ ለንባብም አይሆን፣ ለሩቅም አይሆን። የሚያሳየው አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ላይ ማን ያነባል? ጋሼ ያን ጊዜ ደክመው ይሆናል።»

«እጁ ነው ወይስ ሐሳቡ የደከመው?»

«ሌላ ልሥራልዎት» አለ።

«ሌላማ አለኝ።»

ታክሲ ውስጥ መነጽሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። «ለአገሩ ሰው ሁሉ መነጽር በልኩ ሲሠራ ኖሮ፣ ለእኔ ሲደርስ ተሳሳተ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለመስኮቱ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ታናሽ ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ «እማዬ፣ ምን ችግር አለው፣ ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ አተልቄ አትምልሻለሁ» አላት።

«ፊደል አነሰኝ አልኩህ?»

እሱ ሹልክ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ የፒያኖውን ወንበር እያየሁ ቆምኩ። ስለ አንድ ሜትር እያሰብኩ ነበር። በሰው ፊት ሐሳቤን መናገር ብዙም አይሆንልኝም፤ እናቴም ብትሆን። ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ ፒያኖው ላይ፣ የድሮ ቦታው አስቀመጥኩት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ነይ እስቲ ከኋላዬ ቁሚ።»

«መጫወት ጀመርሽ ደግሞ?»

«አልጫወትም። ዝም ብለሽ ቁሚ። መነጽሩን አድርጊ።»

መጣች። እንደ ልማዷ ልታጎነብስ ስትል «አታጎንብሺ» አልኳት። ቀና እንዳለች ቀረች። እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እኔ ዞሬ አላየኋትም።

«ወገብሽን ብሎ ነው» አልኩ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ቀስ ብላ፣ ሳትደናቀፍ አነበበች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምነው፣ አይታይም?»

«ዝቅ በይ እንጂ» አለች ጭንቅላቴን በመዳፏ እየገፋች። «አባትሽ እኮ እንዳንቺ ረጅም አልነበረም።»